መንበረ ሳትጀምር የተጀመረ ሥራ

እስቲ እጇን እዩት። ከቡታጅራ በአገና አድርጎ ወደ ወልቂጤ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ፣ ከሹፌሩ ጀርባ በመስኮቱ በኩል የተቀመጠችውን ሴት እጅ ማለቴ ነው። ስልኳን ጨብጦ ደርቋል። አጠገቧ ያሉት እናት ሁለት ጊዜ «በረደሽ እንዴ ልጄ፣ መስኮቱን ዝጊው» ብለዋታል። መስኮቱ ዝግ ነው። የሚያንቀጠቅጣት ብርዱ ሳይሆን ስልኩ ላይ ያለው ፎቶ ነው። አንድ ግድግዳ ይታያል፤ ግድግዳው ላይ በመስታወት የተከደነ ወረቀት፣ ወረቀቱ ላይ ማኅተም ያረፈበት ጉርድ ፎቶ። የራሷ ፎቶ ነው። እግሯ ረግጦት በማያውቅ ቤት ግድግዳ ላይ አሥራ ዘጠኝ ቀን ተሰቅላ ከርማለች።

መንበረ ትባላለች። ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው። ዲፕሎማ ያላት የመድኃኒት ባለሙያ ናት፤ ቡታጅራ በሃጂ አብዶ መድኃኒት ቤት ሰባት ዓመት ሠርታለች። ሃጂ አብዶ ነጋዴ ናቸው። ስለ መድኃኒት የሚያውቁት ነገር ቢኖር አለማወቃቸውን ነው፤ ይህ ደግሞ ቀላል እውቀት አይደለም። መንበረ ለቅሶ ከሄደች ቤቱ ይዘጋል። ታማ ከቀረችም ይዘጋል። ገበያተኛ በር ላይ ቆሞ «ሃጂ፣ ኪኒኗን እኔ አውቃታለሁ፣ ያቺን ቢጫዋን ብቻ ያቀብሉኝ» ካላቸው፣ «ወላሂ ቢጫ መሆኗን እኔም አውቃለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ግን አላውቅም፤ ልጅቷ ትምጣ» ብለው ይመልሱታል። በዚህ ጠባያቸው ስንት ገበያ እንዳመለጣቸው ከተማው ያወራል፤ ስንት ሰው እንዳተረፉ ግን የሚያወራ የለም።

ታዲያ ለምን ለቀቀች? መማር ስለፈለገች ነው። ዲግሪዋን ቅዳሜና እሁድ ወልቂጤ መማር ትችላለች፤ ከቡታጅራ እየተመላለሱ ግን አይሆንም። ወልቂጤ ሥራ ካገኘች ሁሉም ነገር ይገጥማል። ይህን ሐሳብ አራት ዓመት በሆዷ ይዛው ኖራለች።

መስቀል ላይ ተሳካላት። ያን ጊዜ ጉራጌ አገር ምን እንደሚመስል ለአገሩ ሰው አልነግርም። በየከተማው የተበተነው ነጋዴ ሁሉ ይመለሳል፤ የተጣላ ይታረቃል፣ የሚጋባ ይተጫጫል፣ ዓመቱን ሙሉ የተንጠለጠለ ነገር በሽማግሌ ፊት ያልቃል። የመንበረም ሥራ ያለቀው እዚያ ነው፤ ቸሃ፣ በሟች አባቷ ወንድም ቤት። እዚያ ያገኘችው የአባቷ ባልንጀራ አቶ ደበሌ ወልቂጤ ውስጥ ሃያ ዓመት ቆርቆሮና ሚስማር የሸጠ ሰው ነው፤ ከአባቷ ጋር አንድ መንደር አብሮ አድጓል። አሁን መድኃኒት ቤት ሊከፍት ነው። «የወንድሜ ልጅ እያለች ባለሙያ ከሜዳ ልለቅም ነው?» አለ። ደሞዙንም ተናገረ፤ ሃጂ ከሚከፍሏት በግማሽ ይበልጣል። ጥቅምት አሥራ አምስት ትጀምሪያለሽ ተባለች። ሽማግሎቹ መረቁ፤ እሷም ለምርቃቱ ጎንበስ አለች። አለቀ።

ውል የሚባል ነገር አልተነሳም። ማን ያንሳው? ሽማግሌ ከመረቀ በኋላ «ይጻፍልኝ» ማለት ምርቃቱን መጠራጠር ነው፤ የአባትን ባልንጀራ ሌባ ነህ እንደ ማለት ነው። ይህ የኛ በሽታ ነው። ለባዳ ሰው አንድ ኪሎ ሚስማር ስንሸጥ ደረሰኝ የምንቆርጥ ሰዎች፣ ለልጃችን እንጀራ ግን አንድ መስመር ለመጻፍ እናፍራለን። እሷም አፈረች። አጎቷም አፈረ። ያላፈረው ደበሌ ብቻ ነበር።

ወረቀት ግን በሌላ በኩል መጣ። መድኃኒት ቤት ለመክፈት ባለሙያ ማስመዝገብ ግዴታ ነው፤ የባለሙያው የሙያ ፈቃድም የሚሰቀለው አንድ ቤት ላይ ብቻ ነው። ወደ ሌላ ቤት ለመዛወር ከድሮው ቤት መልቀቂያ ማምጣት አለበት። ስለዚህ መንበረ አዲሱን ሳትይዝ አሮጌውን መልቀቅ ነበረባት። ሃጂ አብዶ መልቀቂያዋን ፈረሙላት፣ ዱዓ አደረጉላት፣ ሽቶና ሻርፕ ሰጥተው ሸኟት። በሳምንቱ በቦታዋ ሌላ ልጅ ቀጠሩ፤ ምን ያድርጉ፣ ቤቱ ተዘግቶ አይከርም። መንበረ መልቀቂያውን፣ ዋናውን የሙያ ፈቃዷንና አራት ጉርድ ፎቶ በፌስታል አድርጋ ለደበሌ አስረከበች። አንድ ቅጽ ላይም ፈረመች። ቅጹ «ከጥቅምት 15 ጀምሮ የቤቱ ኃላፊ ባለሙያ ሆኜ እየሠራሁ እገኛለሁ» ይላል። አንብባዋለች። እውነት ሊሆን ሦስት ቀን ብቻ የቀረው ነገር ስለነበር ውሸት አልመሰላትም።

ጥቅምት አሥራ አራት ደበሌ ደወለ። መደርደሪያው ከአዲስ አበባ አልደረሰም፤ ለኅዳር አንድ ይሁን አለ። ለኅዳር አንድ ሁለት ቀን ሲቀር ደግሞ ተቆጣጣሪዎቹ ገና አላዩትም፣ ለኅዳር ሃያ እናድርገው አለ። ኅዳር ሃያ ስልኩ ዝም ሲል እሷ ደወለች። «እኔ እደውልልሻለሁ፤ አንቺ ምንም አታስቢ» አላትና «እሺ ጋሼ» ብላ ሳትጨርስ ዘጋው።

አታስቢ ይላል። ይህን ሰው ምን ይሉታል?

ፍርሃቱ መጀመሪያ የሚመጣው ጠዋት ነበር። ሰባት ዓመት በለመደችው ሰዓት ትነሳለች፤ ፊቷን ትታጠባለች፤ የምትሄድበት የለም። ነጭ ጋዋኗን ሦስት ጊዜ አጥባ ሦስት ጊዜ ተኮሰችው፤ አንድም ቀን አልለበሰችውም። በሃጂ አብዶ ሱቅ በኩል ማለፍ ተወች። በዱዓ ተሸኝቶ፣ ሽቶ ተሰጥቶት፣ እዚያው ከተማ ውስጥ መታየት እንዴት ያለ ውርደት ነው? ሰው መንገድ ላይ ካገኛት «መቼ መጣሽ ከወልቂጤ?» ይላታል። «ትናንት» ትላለች። ይህን «ትናንት» አራት ሳምንት ሙሉ ስትለው ከረመች። ከዚያ ጭራሽ መውጣት አቆመች። እናቷ እማማ ውድነሽ ለዕድሩ ሰው ሁሉ ልጄ ትልቅ ሥራ ይዛለች ብለው አውርተዋል፤ አሁን እሳቸውም ዕድር መሄድ ፈሩ። እናትና ልጅ በር ዘግተው ይውላሉ። በሩ ሲንኳኳ ይተያያሉ።

«ደውዪለት እንጂ» ይሏታል እናቷ። «ሰው አይደል?»

«ደጋግሜ ከደወልኩ ይቀየመኛል እማዬ።»

ይቀየመኛል! የሷ ኑሮ ተንጠልጥሎ፣ የፈራችው የሱን መቀየም ነው። ቁጥሩን ትጽፍና ትሰርዘዋለች። ሌላ ቦታ እንዳትቀጠር ፈቃዷ እሱ እጅ ነው። ፈቃዴን መልስልኝ እንዳትል አጎቷ አለ፤ ሽማግሎቹ አሉ። እህል አልወርድ አላት። አንድ ቀን እናቷ ስልኳ ሲጮህ ስትደነግጥ አይተው ማልቀስ ጀመሩ።

ኅዳር ሃያ ስድስት ያ ስልክ ጮኸ። ሰፍያ ናት፤ ኮሌጅ አብራት የተማረች፣ ወልቂጤ አንድ የግል ክሊኒክ ውስጥ ነርስ ሆና የምትሠራ። ሰላምታ እንኳ አላስቀደመችም።

«አንቺ፣ ወልቂጤ ገብተሽ ዝም? ትልቅ ሰው ሆንሽብን ማለት ነው?»

«የት ገባሁ?»

«የት ገባሁ ትለኛለች እንዴ! እዚህ መናኸሪያው አጠገብ ባለው አዲሱ ፋርማሲ ፎቶሽ እንደ ሙሽራ ተሰቅሎ አይቼ ስጠይቅ፣ ‹ምሳ ወጥታለች› አሉኝ። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ምሳ የምትበይው ከመቼ ወዲህ ነው?»

መንበረ ቤቱ ተከፍቷል ወይ ብላ ጠየቀች። ሦስተኛ ሳምንቱን ይዟል አለች ሰፍያ፤ ድምፅዋ ውስጥ የነበረው ሳቅ ቀስ ብሎ ጠፋ።

«ማነው የሚሸጠው?» አለች መንበረ።

ሰፍያ ነርስ ናት፤ ገብቷታል። «ተመልሼ ሄጄ ፎቶ አንስቼ እልክልሻለሁ» ብላ ዘጋች።

እስከዚያ ቀን መንበረ የፈራችው ሥራ እንዳታጣ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ የፈራችው ሥራ ላይ መሆኗን ነው። ቀጠሮው የተራዘመው ለሷ ብቻ ነበራ! በወረቀቱ ላይ ጥቅምት አሥራ አምስት ጀምራለች፤ አንድ ቀን አልቀረችም። እሷ ቡታጅራ በር ዘግታ ስትቀመጥ፣ ወልቂጤ ላይ በስሟ ኪኒን ይሸጣል። ማን ለማን ምን እንደሚሰጥ አታውቅም። ሰው ቢሞት የሚጠየቀው ፎቶው ነው።

ለዚህ ነው በማግስቱ ጠዋት ሚኒባሱ ውስጥ ሆና እጇ የደረቀው። ለእናቷ ደበሌ ጠርቶኛል ብላ ወጥታለች። መንገዱን ሙሉ የምትናገረውን ስታጠና ነበር። «ጋሼ ደበሌ፣ ይህ ነገር አግባብ አይደለም» ትላለች፤ ከዚያ «ጋሼ»ውን ታወጣዋለች፤ ከዚያ መልሳ ታስገባዋለች። ወልቂጤ ስትደርስ ሦስት ሰዓት ሊሞላ ነበር።

መድኃኒት ቤቱ ውስጥ ደበሌ አልነበረም። ባንኮኒው ጀርባ አንዲት ሴት ቆማለች፤ ናዝራዊት ትባላለች፤ የደበሌ ሚስት ታናሽ እህት ናት፤ ዕድሜዋ ከመንበረ ብዙም አያንስም። እስከ ጥቅምት ድረስ እዚያው ጎን ቅባትና ሻምፑ ትሸጥ ነበር። የለበሰችው ነጭ ጋዋን ሰፍቷታል። «ምን ልታዘዝ የኔ ቆንጆ?» አለች። ከጭንቅላቷ በላይ የተሰቀለውን ፊትና ከፊቷ የቆመውን ፊት አላስተያየችም። መንበረም በስድስት ሳምንት ውስጥ ከስታለች።

ያጠናችው ንግግር ከአፏ አልወጣም፤ ዓይኗ መደርደሪያው ላይ ወድቆ ቀረ። መድኃኒት የሚደረደረው በሥራው ነው፤ የልብ ከልብ ጋር፣ የስኳር ለብቻው፣ አደገኛው ራቅ ብሎ። እዚህ ግን ሰማያዊው ካርቶን ከሰማያዊ፣ ሮዙ ከሮዝ፣ አረንጓዴው ከአረንጓዴ ጋር ነው። ትልቁ ከኋላ፣ ትንሹ ከፊት። ያምራል። በእውነት ያምራል። ሽቶ ቤት ቢሆን ሰው ቆሞ ያየዋል።

«ማነው እንዲህ የደረደረው?» አለች።

«እኔ ነኛ። ጋሼ ደበሌ ራሱ ወዶታል።»

ባንኮኒው ላይ አንድ ደብተር ተገልጦ ነበር። አንድ ሰው በትልልቁ ጽፎላታል። ራስ ምታት ካሉ ይቺ፣ ሳል ካሉ ያቺ፣ ጨጓራ ካሉ አረንጓዴ መስመር ያላት ነጭ። ከደብተሩ አጠገብ መቀስ፣ ከመቀሱ አጠገብ ተቆርጦ የተረፈ የኪኒን ስትሪፕ አለ። አረንጓዴ መስመር ያላት ነጭ። መንበረ አነሳችው፤ ስሙን አነበበች፤ እንደገና አነበበች።

የስኳር ኪኒን ነው።

«ይህን ለማን ሰጠሽው?»

«የጨጓራዋን? አሁን ለአንድ ሽማግሌ...»

«የጨጓራ አይደለም። መቼ? ስንት ፍሬ?»

ናዝራዊት ፊቷ ተለዋወጠ። ክፉ ሰው አይደለችም፤ ይህንንም ልነግራችሁ ይገባል። ሽማግሌው ከእምድብር አካባቢ ናቸው፤ ጨጓራዬን አቃጠለኝ ብለው መጡ። ቁርስ በልተው እንደሆነ ጠየቀቻቸው፤ አልበሉም። የጨጓራ ከምግብ በፊት ነው የሚዋጠው ሲባል ሰምታ ስለነበር፣ ከራሷ የውሃ ኮዳ ቀድታ ሁለት ፍሬ እዚያው አስዋጠቻቸው። የቀረውን ጠቅልላ ኪሳቸው ከተተችላቸው፤ መረቋትም። አርባ ደቂቃ ቢሆን ነው አለች።

ስኳር የሌለበት ሰው፣ ያውም ሽማግሌ፣ ባዶ ሆዱን ያንን ኪኒን ከዋጠ ደሙ ውስጥ ያለው ስኳር ይሟጠጣል። ያልበዋል፤ ይንቀጠቀጣል፤ ከዚያ እንቅልፍ ይወስደዋል። ሰው ሲያየው ደከመው እንጂ እየሞተ ነው አይልም። መንበረ ሽማግሌው ወዴት እንደሄዱ ጠየቀች። ናዝራዊት ወደ መናኸሪያው አመለከተቻት። መንበረ ሮጠች።

መናኸሪያው ውስጥ የእምድብሩ ሚኒባስ ቦታ ባዶ ነበር። ተራ አስከባሪውን ክንዱን ያዘችው፤ ምን እንደምትል ጠፋት። ሽማግሌ፣ ሽማግሌ ትላለች። «ምን ሰርቀውሽ ነው?» አላት። ረዳቶቹ ሳቁ። አንዱ በዚያ ዕድሜያቸው ከሮጡማ ይለፍላቸው አለ።

«መርዝ ውጠዋል» አለች መንበረ። «ሳያውቁት።»

ሳቁ ቆመ። ተራ አስከባሪው ሌላ ቃል ሳይናገር ስልኩን አውጥቶ ለሹፌሩ ደወለና ሰጣት። መኪናው ጉብሬን ሊያልፍ ነው።

«ወንድሜ፣ ከኋላ አንድ ሽማግሌ አሉ?»

«አሉ፤ ተኝተዋል።»

«ቀስቅሳቸው። እባክህ አሁን ቀስቅሳቸው።»

የመኪናው ድምፅ ቀነሰ። ሰዎች «አባባ፣ አባባ» ሲሉ ይሰማታል። ከዚያ ሹፌሩ ነቅተዋል፤ ግን ላብ በላብ ናቸው፤ የሚሉት አይገባም አላት።

«ለስላሳ ግዛ፤ ስኳር ጨምርበት። ትን እንዳይላቸው ቀና አድርጋችሁ በጥቂት በጥቂቱ አጠጧቸው። አዙረህ ወደ ወልቂጤ ተመለስ።»

«እህቴ፣ ሞልቼ ነው የወጣሁት። ይህ ሁሉ ሕዝብ...»

«ከሞቱ ያንተ መኪና ውስጥ ነው የሚሞቱት።»

ሹፌሩ አዞረ። በኋላ እንደተነገራት፣ ከማዞሩ በፊት ተሳፋሪዎቹ አዙር ብለው ጮኸውበታል። አንዲት ለገበያ ስኳር ገዝታ የምትመለስ ሴት ፌስታሉን ቀድዳ በእፍኟ ዘግና ሰጥታለች። አንድ ጎልማሳ ሽማግሌውን እንደ ሕፃን ደረቱ ላይ ደግፎ መጥቷል። ይህ ሕዝብ ሰው ሲሞት ካየ እንዲህ ነው። ሰው የሚሞትበት ነገር ሲደረደር ግን አያይም፤ አይጠይቅም።

መንበረ ደውላላት ስለነበር ሰፍያ ክሊኒኩ በር ላይ ጠበቀቻቸው። የስኳር መለኪያው ሠላሳ ስምንት አለ፤ የጤነኛ ሰው ግማሽ ማለት ነው። ግሉኮስ ተሰቀለላቸው። መንበረ ጣታቸውን ይዛ አጠገባቸው ተቀመጠች፤ በየግማሽ ሰዓቱ እየተለካ እስከ ማግስቱ መቆየት አለባቸው፤ ያ ኪኒን ቶሎ አይለቅም። አባባ ተካ ይባላሉ። አምስት ሰዓት ገደማ ዓይናቸውን ገለጡና ክፍሉን አዩት፤ እሷንም አዩአት።

«ልጄ» አሉ፣ «ጨጓራዬ ግን ተወኝ።»

ሰፍያ ሳቀች። መንበረ አለቀሰች።

ደበሌ የመጣው ከሰዓት ነው። አልተቆጣም፤ የሚያስፈራውም ይህ ነው። ሽማግሌውን ጎንበስ ብሎ ሳመ፣ የክሊኒኩን ወጪ እኔ እችላለሁ አለ፣ መንበረን ወደ ግቢው ጠራት። እንደ አባት ነው ያናገራት። ቤቱ ኪራይ እየቆጠረ ዝም ብሎ ከሚቆም፣ ገበያው እስኪለምድ ናዝራዊት ትሽጥ፣ ገበያው ሲለምድ እጠራታለሁ ብሎ ነው እንጂ ክፉ አስቦ አይደለም። የባለሙያ ደሞዝ ቀላል ነገር አይደለም፤ እሷም ታውቃለች። እንግዲህ ሰውዬው ድነዋል።

«ዛሬውኑ ጀምሪ» አላት። «የጥቅምቱንም የኅዳሩንም ደሞዝ እሰጥሻለሁ።»

ያንን ቃል ስድስት ሳምንት ጠብቃዋለች። ጀምሪ። እናቷ ይኸኔ በር ዘግተው ስልኩን እያዩ ነው። እሺ ካለች ማታ ደውላ «ጀመርኩ እማዬ» ትላለች፤ ውሸትም አይሆንም። ትምህርቱም አለ። መደርደሪያውን በአንድ ቀን ታስተካክለዋለች። ማን ያውቃል? ሽማግሌው ራሳቸው እንኳ አላወቁም።

«ላስብበት ጋሼ» አለች።

«ምኑን ታስቢዋለሽ?» አለ ደበሌ፣ አሁንም ሳይቆጣ። «ወረቀቱ ላይ ያለሽው አንቺ ነሽ እኮ። እኔ ቆርቆሮ ሻጭ ነኝ። ጠያቂ ከመጣ ኃላፊዋ የት ነበረች ነው የሚለው። እኔ ለራስሽ ብዬ ነው።»

ምን እንደተሰማት ኋላ ለሰፍያ ነግራታለች። ፍርሃቱ እንደ ቀዝቃዛ ውሃ ከራሷ ጀምሮ ወረደ፤ ከዚያ እግሯ ሥር ሲደርስ የሚሄድበት አጣ። እሺ ብትል ይህን ቃል ዕድሜ ልኳን በኪሱ ይዞባት ይኖራል። እምቢ ብትል ዛሬውኑ ያወጣዋል። በሁለቱም በኩል መፍራቷ ካልቀረ፣ ሌላ ሰው ሳይውጥ ትፍራ።

በማግስቱ አባባ ተካ ቁርሳቸውን በልተው ሲወጡ፣ መንበረ ወደ ጤና ጽሕፈት ቤቱ ሄደች። በእጇ ጻፈችው። ቅጹ ላይ ስፈርም ሥራ አልጀመርኩም ነበር፤ እስከ ዛሬም አልጀመርኩም፤ ቤቱ ግን በሙያ ፈቃዴ ኪኒን ሲሸጥ ቆይቷል፤ አንድ ሰው ሊሞት ነበር። ጉዳዩን የያዘችው ሴት ሁለት ጊዜ አነበበችውና መነጽሯን አወለቀች።

«እኅቴ፣ ይህ እኮ መጀመሪያ አንቺን ነው የሚያስጠይቅሽ። ገብቶሻል?»

«ገብቶኛል።»

«ትንሽ ብታስቢበት አይሻልም?»

«ሳስብበት ነው እኮ አሥራ ዘጠኝ ቀን የተሸጠው» አለች መንበረ። ፊርማዋ ከድሮው ጋር አልመሳሰል ብሎ ሁለቴ አስፈረሟት።

ቤቱ በዚያው ቀን ታሸገ። ደበሌ የሚከሰሰው ይከሰሳል፤ የሷም የሙያ ፈቃድ ምርመራው እስኪያልቅ ተይዟል። መቼ ያልቃል ስትላቸው እንደውልልሻለን አሏት። ይኸው ቡታጅራ ተመልሳ እንደገና ስልክ ትጠብቃለች። አጎቷ ሽማግሌ ይዞ መጥቶ፣ ያገር ልጅን ለመንግሥት አሳልፋ ሰጠች፣ ምርቃታችንን ረገጠች ብሎ እናቷን አስለቅሶ ሄዷል። አንዳቸውም ስለ አባባ ተካ አልጠየቁም። የመረቁት ምርቃት ኪኒን ሲምታታ የት ነበር? ሃጂ አብዶ ግን መጥተው ነበር። ቦታው እንደተያዘ፣ የቀጠሩትን ልጅ ማባረር ግፍ እንደሚሆን ነገሯት፤ አንድ ኩንታል ጤፍ በር ላይ አውርደው ሄዱ።

እሷን አሁን የሚያስፈራት ግን ፈቃዷ አይደለም። ክሱም አይደለም። ቤቱ በታሸገ በሦስተኛው ቀን ናዝራዊት ዓይኗ አብጦ ቡታጅራ ድረስ መጣች። ሁለቱ ሴቶች አንድ ቀን ሙሉ ተቀምጠው፣ አረንጓዴ መስመር ያላትን ኪኒን ሌላ ማን እንደገዛ አስታወሱ። የተጻፈ ነገር የለም፤ ያለው የናዝራዊት ዓይን ብቻ ነው። የጨጓራው አልቆ መልኩ የሚመስለው የስኳሩ ካርቶን ከገባ ወዲህ ዘጠኝ ሰው ትዝ አላት። ስድስቱን በመንደር በመንደር፣ በስልክ በስልክ ፈልገው አገኟቸው። አንዷ እምድብር ታማ ተኝታ ነበር፤ ድካም ነው ብለው ጠበል ሊወስዷት ሲሉ ደረሱባት። ሦስቱ እስከ ዛሬ አልተገኙም። አንዱ ለእናቴ ነው ብሎ የገዛ፣ ወደ አገና የሚሄድ ሰው ነው። አንዷ ነፍሰ ጡር ናት። ሦስተኛውን ናዝራዊት ፊቱን እንጂ ሌላ አታስታውስም። መንበረ ሥራ ልትጀምር ሳይሆን እነዚህን ሦስት ሰዎች ልትፈልግ ነው አሁን ማለዳ የምትነሳው። ባየችው ቀብር ሁሉ ማን ነው የሞተው ብላ ትጠይቃለች።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ አንድ ነገር ለምኛችሁ ላብቃ። አሁን ተነሱና የእናታችሁን ሳጥን፣ የአባታችሁን የኮት ኪስ ክፈቱ። ከየት እንደተገዛ የማይታወቅ፣ ስሙን ማንም ያላነበበው፣ «ያቺ አረንጓዴዋ» ወይም «ያቺ ቢጫዋ» እየተባለ የሚዋጥ ኪኒን ካገኛችሁ፣ ዛሬውኑ ለባለሙያ አሳዩት። ነገ አትበሉ።